አሳማውን ትተን አቼቶውን እንውሰድ

ቶሮንቶ ላይ ሰመር ከገባ ጀምሮ አበሻ ባለሙያ የማያመልጠው አንድ ግብዣ አለ፤ የመሥሪያ ቤት ባርቤኪው። ጠረጴዛው መሃል ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ደግሞ "ፑልድ ፖርክ" የሚሉት፣ ለሰዓታት በዝግታ በስሎ በሹካ የተበጣጠሰ የአሳማ ወርች ነው። ያኔ የእኛ ሰው ምን ይላል? "አለርጂ አለብኝ" ይላል። ወይም "ዛሬ ሆዴን አሞኛል"። አንዳንዱማ "ቬጀቴሪያን ነኝ" ብሎ ይገላገልና፣ ከሳምንት በኋላ ዳንፎርዝ ላይ ክትፎ ሲጎርስ ከዚያው ባልደረባው ጋር ፊት ለፊት ይገጣጠማል።

እኔ በበኩሌ ይህችን ውሸት አልወዳትም። "አሳማ አልበላም፣ እምነቴ አይፈቅድም" ማለት ምን ያሳፍራል? አይሁዱም ሙስሊሙም ባልደረባችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። የኦርቶዶክስ ክርስቲያን አሳማ አለመብላት ለፈረንጁ እንግዳ ነገር ነውና ማብራሪያ ይጠይቃል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ማብራሪያው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በሌላ በኩል ደግሞ "ሰው አገር መጥተህ ገና እሱ ላይ ነህ?" እያለ የሚያሾፍ ወገን አለ። የሚበላው ይብላ፤ የራሱ ጉዳይ ነው። ሥልጣኔን በአሳማ መለካት ግን ርካሽ ሚዛን ነው። ከሁሉ የሚያሳዝኑኝ ልጆቹ ናቸው። አባታቸው በሌለበት በሽታ ሲያመካኝ የሰሙ ልጆች የትምህርት ቤታቸው ምሳ ላይ ምን ብለው እንዲመልሱ ነው የምንጠብቀው?

ሁለቱም ወገን ሳያየው የሚያልፈው ነገር ግን ጠረጴዛው ላይ አለ። ከሥጋው ጎን በጠርሙስ የቆመው ቀጭን፣ ቀላ ያለ ማባያ። ያ አቼቶ ነው። እኛ ከጣሊያኖች ቃሉን ወስደን ለሰላጣና ለቀይ ሥር ብቻ ያዋልነው አቼቶ፣ በአሜሪካዋ ሰሜን ካሮላይና ምሥራቃዊ ክፍል የባርቤኪው ዋናው ነገር ነው። እዚያ ኬቻፕ ጠብታ አይገባበትም። ወደ ምዕራብ ሌክሲንግተን አካባቢ ሲደርስ ትንሽ ቲማቲም ይቀላቀልበታል፤ በዚህ የተነሳ ሁለቱ ወገኖች ዛሬም ድረስ ይጨቃጨቃሉ። ደቡብ ካሮላይና ደግሞ ሰናፍጭ ትጨምራለች። በእነዚያ አገሮች በባርነት ዘመን ጉድጓዱን ቆፍረው፣ ፍሙን አዘጋጅተው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሥጋው ላይ አቼቶና ቃሪያ እየቀቡ ያደሩት በአብዛኛው ከአፍሪካ የተወሰዱ ሰዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። ስለዚህ ሙያውን "የፈረንጅ" ብለን መግፋታችንም ትክክል አይደለም።

"ያለ አሳማ ግን ያው ይሆናል ወይ?" የሚል ይኖራል። ኬንታኪ ውስጥ ኦወንስቦሮ የምትባል ከተማ አለች። በባርቤኪው የታወቀችው በአሳማ ሳይሆን በበግ ነው፤ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ለሱፍ ሲባል በግ በብዛት ይረባበት ከነበረ አካባቢ የመጣ ልማድ ነው። ያረጀ በግ ሥጋው ጠንካራ፣ ሽታውም ከበድ ያለ ስለሆነ ለሰዓታት በዝግታ ያበስሉታል፤ አቼቶ ያለበት ጥቁር ማባያም ይቀቡታል። እንግዲህ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ካለ አሳማ ሠርተውታል።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ወርች ብዙ የሠራ የእንስሳ አካል ነው፤ ጅማት ይበዛዋል። በከባድ እሳት ጠብሰኸው ከሆነ ጫማ ታኝካለህ። በዝግታ ሲበስል ግን ውስጡ ያለው ጅማት ወደሚያጣብቅ ለስላሳ ነገር ይቀልጣል፣ ሥጋው በሹካ ይፈታል። ከዚያ የሚቀረው ችግር ስብ ነው፤ ሁለት ጉርሻ እንደበላህ አፍህን ይዘጋዋል። አቼቶው የሚመጣው ለዚህ ነው። ስቡን ይቆርጠዋል፣ ምላስን ያነቃዋል። ለከብትም፣ ለበግም፣ ለፍየልም ሥራው ያው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ግማሽ ሊትር የአፕል አቼቶ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቡናማ ስኳር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሸርከት ያለ ደረቅ ቃሪያ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ። ስኳሩና ጨው እስኪሟሙ ብቻ ለብ አድርጉት፤ ካፈላችሁት እንፋሎቱ ዓይን ያቃጥላል፣ ባለ አፓርታማ ጎረቤትም ያማርራል። ከዚያ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ አንድ ቀን አሳድሩት። ብርጭቆ ይሁን፤ አሉሚኒየም ዕቃ ውስጥ አታቆዩት፣ ኮምጣጤ ይበላዋል። ሁለት ኪሎ የከብት ወርች በጨውና በቁንዶ በርበሬ አሽታችሁ አሳድሩ፣ በነጋታው በፎይል ጥብቅ አድርጋችሁ ሸፍኑና 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ውስጥ አራት ሰዓት ያህል ተዉት። ሹካ ሰክታችሁ ስታዞሩት ያለ ትግል ከተፈታ ደርሷል፤ ካልተፈታ መልሱት። በትኩሱ በጣጥሱና ማባያውን ያኔ አፍስሱበት፤ ከቀዘቀዘ አይመጥም።

አንድ ምክር፣ በርበሬያችንን አትጨምሩበት። የወጥ በርበሬ ሳይቁላላ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ማባያውንም ያደፈርሰዋል። ሚጥሚጣ ግን ይሄዳል። በደረቁ ቃሪያ ፋንታ አንድ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ ግቡበት፤ ኮረሪማው ከአፕሉ ጋር የሚሠራውን ሥራ እናንተው ትፈርዳላችሁ።

ይህን ሁሉ ማለቴ ስለ መሥሪያ ቤት ብቻ አይደለም። ፍሌሚንግደን ፓርክን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከዶን ቫሊ ፓርክዌይ አጠገብ፣ በአንድ ወቅት የከተማዋ ከንቲባ የነበረው የሮበርት ፍሌሚንግ እርሻ በነበረው መሬት ላይ የተደረደሩ ረጃጅም ሕንጻዎች ናቸው። አንድ ሊፍት ውስጥ አፍጋኑ፣ ፓኪስታኑ፣ ፊሊፒኖው፣ እኛም አለን። ብዙዎቻችን የጎረቤታችንን ስም ሳናውቅ የኪራይ ውላችን ይታደሳል። እዚህ ሰፈር ላይ አሳማ አቅርቦ ጎረቤት መጥራት የማይታሰብ ነው። አዋዜ በጠጅ ወይም በአረቄ ለውሶ ማቅረብም ለሙስሊም ጎረቤት ያው ነው፤ ይሄን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። ጠጁን አውጥታችሁ አዋዜውን በአፕል አቼቶ ለውሱትና እዩት። ጣዕሙ ትንሽ ይለያል፣ አልዋሽም፤ የጠጁ ማር ማር ማለት ይጎድለዋል። ግን ጎረቤት ይበላዋል።

እዚህ ላይ አንድ የማይታለፍ ጥያቄ አለ፤ ሥጋው ከማን ይገዛ? በአገራችን "የክርስቲያን ሥጋ"፣ "የእስላም ሥጋ" ብለን ስንለይ ኖረናል። ቶርንክሊፍ ፓርክ ድረስ በእግር ሄዶ ሐላል በግ መግዛት ቀላል ነው፣ የሚገዛም ክርስቲያን አበሻ አለ፤ የማይገዛም አለ። ለማይገዛው "ኋላ ቀር" የሚል ስም መለጠፍ፣ ቅድም የነቀፍኩት የአሳማ ሚዛን ተመልሶ መምጣት ነው። እኔ የምለው፣ በዚህ ምክንያት ጎረቤት ከመጥራት አትቅሩ። ማባያው ደም የለበትም፣ ቅቤ የለበትም፣ ወተት የለበትም። የጾም ነው። ወፍራም እንጉዳይ በእጃችሁ ሰንጥቃችሁ፣ በዘይትና በጨው ምድጃ ውስጥ ጠርዙ እስኪደርቅ ጠብሳችሁ ያንኑ ማባያ አፍስሱበት። ከሱፐርማርኬት የሚገዛውን ግን አገላብጣችሁ አንብቡ፤ አንዳንዱ ውስኪ አለበት፣ ዎስተርሻየር የገባበት ደግሞ ብዙ ጊዜ ዓሣ አለው።

ተማሪዎች ይህን ስታነቡ "አራት ሰዓት ምድጃ ማን ይጠብቃል" እንደምትሉ አውቃለሁ። እሑድ እያጠናችሁ ይበስላል፣ መጠበቅ አያስፈልገውም። ማባያው ፍሪጅ ውስጥ ሳምንታት ይቆያል፤ እሑድ ሥጋው ላይ ያፈሰሳችሁት ረቡዕ እንጉዳዩ ላይ፣ ሐሙስ ደግሞ ጥቅል ጎመን ሰላጣ ላይ ይሆናል።