«ለመያዣ ያህል» የተሰጠ ቼክ

በዚህ ወር ዓምዳችን ወዳጅን ከወዳጅ ስለሚያካስስ አንድ የገበያ ጉዳይ እንነጋገራለን።

አንድ የመርካቶ ቸርቻሪ ከጅምላ ነጋዴ ጨርቅ በዱቤ ወሰደ እንበል። በእጁ ገንዘብ የለምና ከሦስት ወር በኋላ ያለ ቀን የጻፈበትን ቼክ «ለመያዣ ያህል» ብሎ ፈርሞ ይሰጣል። «እስክነግርህ ባንክ አትውሰደው» ይለዋል። ውል የለም፣ ምስክርም የለም። ገበያው ይቀዘቅዛል። ባለ ገንዘቡም የራሱ ዕዳ ሲያስጨንቀው ቼኩን ይዞ ባንክ ይሄዳል፤ ባንኩም በቂ ስንቅ የለውም ብሎ ይመልስለታል። ትናንት ጁምዓን በአንድ ሶፍ የሰገዱ ሰዎች በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ይገናኛሉ።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ቼክ የደነገገው ክፍል ዛሬም ይሠራል። በዚህ ሕግ መሠረት ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነው። የተጻፈበት ቀን ሳይደርስ ቢቀርብ እንኳ በቀረበበት ዕለት ይከፈላል። ስለዚህ በቃል የተባለው ቀጠሮ ባንኩን አያግደውም። ቼኩ ተላልፎ በሦስተኛ ሰው እጅ ከገባ ደግሞ፣ በቅን ልቦና የያዘውን ሰው «እኔ የሰጠሁት ለመያዣ ነው» ብሎ መርታት አስቸጋሪ ነው።

ነገሩ ከገንዘብ ክስም ያልፋል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693፣ የሚያዝበት ገንዘብ እንደሌለ እያወቀ ቼክ ያወጣ ሰው እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ሊቀጣ ይችላል። አባወራው ሲታሰር ሱቁ ይዘጋል፣ ልጆች ይቸገራሉ፤ አበዳሪውም ገንዘቡን የሚከፍለው ሠርቶ አዳሪ ያጣል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ዱቤ ከሆነ ዱቤ ተብሎ ይጻፍ። የዕቃው ዓይነት፣ ዋጋውና የመክፈያው ቀን በውል ላይ ይስፈር፤ ምስክሮችም ይፈርሙ። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የሆነው የሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። ከእሱ ጥቂት ከፍ ብሎ ያለው 280ኛው ደግሞ ለተቸገረ ባለ ዕዳ ጊዜ እንድንሰጥ ያዘናል። ባዶ መሆኑን እያወቃችሁ ቼክ አትስጡ፤ እያወቃችሁም አትቀበሉ።

አላህ ከዕዳ ጭንቀት ይጠብቀን።