በግምት የሚሰጥ የሕፃናት ትኩሳት ማስታገሻ

ለበግ የሆድ ትል መድኃኒት የሚሰጥ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አስቀድሞ የእንስሳውን ክብደት ይገምታል፤ መጠኑንም በኪሎ ግራም ያሰላል። በብዙ የገጠር ቤቶች ግን ትኩሳት ለያዘው ሕፃን የሚሰጠው ፓራሲታሞል የሚለካው በእጅ በተከፈለ ክኒን ወይም በወጥ ቤት ማንኪያ ነው። መድኃኒቱ ርካሽ መሆኑና ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጡ ጉዳት የሌለው አስመስሎታል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ለሕፃናት በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ፓራሲታሞል ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። ከ4 እስከ 6 ሰዓት ልዩነት ይጠበቃል፤ በ24 ሰዓት ውስጥም ከ4 ጊዜ መብለጥ የለበትም። 10 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሕፃን በአንድ ጊዜ የሚበቃው እንግዲህ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ነው። የተለመደው የአዋቂ ክኒን 500 ሚሊ ግራም ስለሆነ ግማሹ ብቻ 250 ሚሊ ግራም ይሆናል። ይህ መጠን በቀን አራት ጊዜ ለተከታታይ ቀናት ከተሰጠ ጉበትን ለጉዳት ያጋልጣል። ክፋቱ ደግሞ ምልክቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ጉበቱ እየተጎዳ ሕፃኑ በመጀመሪያው ቀን ደኅና ሊመስል፣ ወይም ጥቂት ብቻ ሊያስመልሰው ይችላል።

ሽሮፑም የራሱ ወጥመድ አለው። አንዱ ጠርሙስ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ሲይዝ ሌላው 250 ይይዛል። ለጨቅላዎች በጠብታ የሚዘጋጀው በ1 ሚሊ ሊትር ብቻ 100 ሚሊ ግራም ሊኖረው ይችላል፤ ከዚህኛው 5 ሚሊ ሊትር መስጠት አንድ ሙሉ የአዋቂ ክኒን ከማዋጥ አይለይም። አንዳንድ የጉንፋን ሽሮፖችም ፓራሲታሞል ስላለባቸው ሁለቱን ደርቦ መስጠት መጠኑን ያበዛዋል።

በገጠር ጉዳዩን የሚያወሳስበው የሥራ ወቅቱ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ የወባ ሥርጭት የሚጨምርበት፣ ሰብልም የሚሰበሰብበት ነው። እናት ማሳ ስትውል ሕፃኑ ከአያት ወይም ከታላቅ እህት ጋር ይቀራል። ጠዋት የተሰጠውን የማያውቅ ሰው ቀትር ላይ ይደግማል።

ከሁሉ የከፋው ግን መድኃኒቱ የሚሰጠው የተሳሳተ እፎይታ ነው። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያበርዳል እንጂ ወባንም ሆነ የሳንባ ምችን አያድንም። ወባ ባለበት አካባቢ ትኩሳት የያዘው ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ሊመረመር ይገባል። ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው ወይም የደነዘዘ ሕፃን ግን አንድ ሰዓት እንኳ ሊቆይ አይገባም። ዕድሜው ከሁለት ወር በታች የሆነም እንዲሁ፤ ማስታገሻ ሰጥቶ መጠበቅ ለእርሱ አይሠራም።

ሌሎቹ ማስታገሻዎችም በፓራሲታሞል ቦታ አይተኩም። አስፕሪን ለሕፃናት አይሰጥም። አይቡፕሮፌን ተቅማጥና ትውከት ሰውነቱን ላደረቀው ሕፃን ለኩላሊት አደገኛ ነው። ለአዋቂ ወገብ ሕመም የተገዛ ዳይክሎፌናክም ለልጅ የሚከፈል አይደለም።

መድኃኒቱ የተገዛበት ቦታም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ በርካታ ሕፃናት በኩላሊት ጉዳት ሲሞቱ፣ የዓለም ጤና ድርጅት መርዛማ ኬሚካል የተገኘባቸውን ሽሮፖች ለይቶ አስጠንቅቋል። ከገበያ መደብ ላይ የሚገዛ ምንጩ ያልታወቀ ጠርሙስ ይህን ስጋት ያባብሰዋል።

ይሁንና ሸክሙን ሁሉ በእናት ላይ መጣል ፍትሐዊ አይደለም። በብዙ ጠርሙሶች ላይ ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው፤ መለኪያውም ሁልጊዜ አብሮ አይመጣም። የሕፃኑን ክብደት ጤና ኬላው መዝኖ ሊነግራት ይችላል። መድኃኒቱን የሚሸጠው ባለሙያ ያን ክብደት ጠይቆ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ላይ ልኩን በእስክሪብቶ ቢያሰምር፣ ማንበብ የማትችል አያትም እስከ መስመሩ ሞልታ መስጠት ትችላለች።