የግል ቴሌቪዥን ለልጆች ምን አመጣ?

የግል ቴሌቪዥን ወደ አገራችን በጣራ በኩል ነው የገባው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረን የመንግሥት ቴሌቪዥን ብቻ ነበር። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አዋጅ ለግል ጣቢያ በር ቢከፍትም፣ ሬዲዮው እንኳ ዓመታት ፈጅቶ ሸገር 102.1 የተሰማው በ2000 ዓ.ም. ነው። ቴሌቪዥኑማ ከባሕር ማዶ መጣ። ኢቢኤስ በዚያው ሰሞን ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ተነስቶ በሳተላይት ገባ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቃና የውጭ ድራማዎችን አማርኛ እያናገረ ብቅ አለ። ቆርቆሮው ላይ ዲሽ የሰቀለ ሁሉ፣ የእኛው የኩታበር ሰው ሳይቀር፣ ተመልካች ሆነ።

ቃና ገና ሥርጭት ሳይጀምር የቴአትርና የፊልም ባለሙያዎች «ሥራችን ይነጠቃል፣ ባህላችን ይበረዛል» ብለው አቤት ብለው ነበር። የእንጀራ ነገር ነውና አልፈርድባቸውም። የሚገርመኝ፣ እኛ ለመምህርነት የምንሰለጥን ሰዎች ያንኑ ቃል ማስተጋባታችን ነው፤ ያውም ድራማውን አንድ ክፍል ሳናሳልፍ እየተመለከትን! የእኛ ጥያቄ ሌላ መሆን ነበረበት። ለመሆኑ ከጣቢያዎቹ ስንቱ ነው ለሰባት ዓመት ልጅ በልጅ አፍ ፊደል የሚያስቆጥረው?

አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በመንግሥቱ ቴሌቪዥን ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ነግረዋል። መሣሪያቸው ወንበርና አንደበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ወ/ሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ መጡ። ልብ በሉ፣ እሳቸው የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበሩ። ከባለቤታቸው ጋር ሆነው፣ እቤታቸው ውስጥ በካልሲ አሻንጉሊት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን ዝግጅት ሠርተው በ1999 ዓ.ም. ገደማ አቀረቡ። ፀሐይ ጠያቂ ቀጭኔ ናት። ዝግጅቱ እስከ ጃፓን ድረስ ተሸልሟል። እንግዲህ በግል ሰው እጅ የተሠራ የልጆች ትምህርት ማረፊያ ያገኘው በመንግሥት ጣቢያ ነው ማለት ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። የግል ጣቢያ የሚኖረው በማስታወቂያ ነው፤ ሳሙናና ዘይት የሚገዛ ደግሞ ልጁ አይደለም። ስለዚህ ጥሩው ሰዓት ለአዋቂው ድራማ ይሰጣል። ባለጣቢያውን ብንሰድበው ይህ ይለወጣል እንዴ?

መምህሮቻችን «ፕላዝማውን ረሳኸው ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አልረሳሁም። በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የሳተላይት ትምህርት በእንግሊዝኛ እየሮጠ ሲያልፍ፣ ተማሪው ቢደናገር «ቆይ» የሚለው አልነበረም፤ መምህሩም ዳር ይዞ ይቆም ነበር። ያ ያለ መምህር የተሠራ ቴሌቪዥን ነው። እኔ የምለው መምህር የሚሠራውን ነው።

ዛሬ ስልክ በየኪሳችን አለ፣ ይቀርጻል። የወሎን ተረት ከአያቶቻችን ሰምተናል፤ የጦጣዋን ተንኮል የማያውቅ ሰልጣኝ ካለ እጁን ያውጣ! ታዲያ በዚህ መንፈቀ ዓመት በቡድን ሆነን አሥር አሥር ደቂቃ የሚሆን የፊደል ዝግጅት ብንሠራ ምን ይከለክለናል? መጀመሪያ በአቅራቢያችን ላሉት የአንደኛ ክፍል ሕፃናት እናሳይ። ካልሳቁ እንደገና እንሥራው። ከሳቁ ለግሎቹም ለመንግሥቱም ጣቢያ እንላከው። የመምህርነት ልምምድ ሲደርስም ይዘነው እንወጣለን።

ፈቃደኛ የሆነ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የማስተማሪያ መሣሪያዎች ክፍል ይምጣ። አሮጌ ካልሲ ያላችሁ፣ አጥባችሁ።