ሚዛኑን የያዘው ሻጩ ነው፦ የዮጋ መምህርነት በ200 ሰዓት

በሰሜን ሕንድ፣ የጋንጅስ ወንዝ ከሂማላያ ተራሮች ወርዶ ወደ ሜዳው በሚገባበት አካባቢ፣ ሪሺኬሽ የምትባል ከተማ አለች። የእንግሊዞቹ ሙዚቀኞች ቢትልስ እ.ኤ.አ. በ1968 ተመስጦ ሊማሩ ከሄዱባት ወዲህ ስሟ በዓለም ገንኗል። ዛሬ ከየአገሩ ወደዚያ ለሚጎርፈው እንግዳ ከሚሸጡለት ነገሮች አንዱ መምህርነት ነው። ሠልጣኙ በማለዳ ተነሥቶ አሳና የሚባሉትን የሰውነት አቋሞች ይሠራል፤ አተነፋፈስ ይለማመዳል፤ ጥቂት ፍልስፍናና ጥቂት የሰውነት አሠራር ትምህርት ይወስዳል። አንድ ወር ገደማ ሲሞላው ይመረቃል፤ ፎቶ ይነሣል። በወሩ መጀመሪያ ተማሪ የነበረው ሰው በወሩ መጨረሻ መምህር ሆኖ ወደ አገሩ ይመለሳል።

ነገሩ የሪሺኬሽ ብቻ አይደለም። ባሊም ሆነ ለንደን፣ ሎስ አንጀለስም ሆነ ኒው ዮርክ፣ የመጀመሪያው ደረጃ ሥልጠና የሚሸጠው በአብዛኛው በአንድ ቁጥር ነው፦ 200 ሰዓት።

ይህን ቁጥር በዓለም ያስለመደው ዮጋ አሊያንስ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተ የአሜሪካ ድርጅት ነው። ድርጅቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። ፈቃድም አይሰጥም። መስፈርቱን እናሟላለን የሚሉ ትምህርት ቤቶችን ይመዘግባል፤ ከእነዚያ ትምህርት ቤቶች የተመረቀም ክፍያውን ከፍሎ መዝገቡ ላይ ይሰፍራል። ተመራቂውን ራሱ አስቀምጦ አይፈትነውም።

200 ሰዓት ምን ያህል ነው? በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 25 የሥራ ቀን ነው። ከዚህ ውስጥ በድርጅቱ መስፈርት ለሰው አካል አሠራር የተመደበው 30 ሰዓት ነው፤ አራት የሥራ ቀን እንኳ አይሞላም።

ብዙ ተቺዎች እዚህ ላይ ቆመው «ሰዓቱ ይጨመር» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ግን ዋናው በሽታ የሰዓቱ ማነስ አይደለም። ቢ. ኬ. ኤስ. ኢየንጋርን ማየት ይበቃል። በ1918 የተወለዱት እኚህ ሰው በልጅነታቸው ወባ፣ ታይፎይድና የሳንባ ነቀርሳ ያደቀቃቸው ነበሩ። ማይሶር ከተማ ከእህታቸው ባል ከክሪሽናማቻሪያ ዘንድ ጥቂት ዓመታት ቆዩ፤ በ1937 ገና በ18 ዓመታቸው ፑኔ ወደምትባል ከተማ እንዲያስተምሩ ተላኩ። የተማሩት ጥቂት ነበር። ጉድለታቸውን የሞሉት በየቀኑ ለረጅም ሰዓት ራሳቸውን በማለማመድ ነው። ኋላ በስማቸው የተቋቋመው ሥርዓት ግን ያንን መንገድ ለሌላው አልፈቀደም። ማስተማር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ለዓመታት ተማሪ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ከዚያም ከአሠልጣኙ ውጭ ባሉ መዛኞች ፊት ቀርቦ ይፈተናል።

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው የ200 ሰዓት ሥልጠና የሚጎድለው ፈታኝ ነው። ገንዘቡን የሚቀበለው፣ የሚያስተምረውና «አልፈሃል» የሚለው አንድ ሰው ነው። ገበያ ላይ ቢሆን ሚዛኑን የያዘው ሻጩ ራሱ ነው ይባላል።

ለምን እንዲህ ሆነ? የዮጋ ቤት ኪራይ ውድ ነው፤ ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚከፈለው ደግሞ ትንሽ። ሥልጠና ግን ከእያንዳንዱ ሰው በሺህ የሚቆጠር ዶላር በአንድ ጊዜ ያስገባል። ይህን ያህል ከፍሎ፣ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣን ሰው «አልደረስክም፤ ከዓመት በኋላ ና» የሚለው ማን ነው? ቢል ደግሞ የሚቀጥለው ሠልጣኝ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ሁሉም ያልፋል።

ዋጋውን የሚከፍለው ምንጣፉን ይዞ የሚመጣው ተማሪ ነው። አንዷ ግላኮማ አለባት፤ በጭንቅላት መቆም የዓይን ውስጥ ግፊትን እንደሚጨምር ማንም አልነገራትም። ሌላው አጥንቱ የሳሳ አዛውንት ነው፤ ወደ ፊት አጥብቆ መታጠፍ ለአከርካሪው አደጋ ነው። ሦስተኛው የዲስክ መንሸራተት ያለበት የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ መምህሩ ከኋላው መጥቶ ጀርባውን ይጫነዋል። የሚጫነው በክፋት አይደለም። በሥልጠናው ወቅት እሱንም እንዲሁ ስለተጫኑት ነው።

ሁሉም ሥልጣን በአንድ እጅ ሲጠቃለል ደግሞ ከጀርባ ሕመም የከፋም ይመጣል። ቢክራም ቾድሪ በሞቀ ክፍል የሚሠራውን ዮጋ ያስፋፋ ሰው ነው። ለዘጠኝ ሳምንት ሥልጠናው በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን ሆቴል ውስጥ ሰብስቦ ከእያንዳንዳቸው ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ያስከፍል ነበር። በእሱ ስም ለማስተማር የእሱ ምስክር ወረቀት ግድ ነበር። ከሠልጣኞቹ መካከል በወሲብ ጥቃት የከሰሱት አሉ፤ እሱ ክሶቹን አስተባብሏል። በ2016 ግን የሎስ አንጀለስ የዳኞች ጉባኤ የቀድሞ የሕግ አማካሪው ባቀረበችው የወሲብ ትንኮሳና ያለአግባብ የመባረር ክስ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወሰነበት። እንጀራህ በአንድ ሰው ፊርማ ላይ ሲንጠለጠል «ተው» ለማለት ምን ያህል ድፍረት ይጠይቃል?

የተቃዋሚዎቹም ክርክር ይሰማ። በ2009 የኒው ዮርክ ግዛት የዮጋ አሠልጣኞች እንደ ሌላው የሙያ ትምህርት ቤት ፈቃድ እንዲያወጡ ለማድረግ ሲነሣ ባለቤቶቹ አጥብቀው ተቃወሙ። የፈቃዱ ወጪ ትንንሾቹን ይዘጋቸዋል፤ ዮጋም የመንፈስ መንገድ ነው፤ ቢሮ ምን አግብቶት ይለካዋል? አሉ። የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። የሰውን ተመስጦ በፈተና ወረቀት መለካት አይቻልም። ነገር ግን መምህሩ ደም ግፊት ያለበትን ተማሪ ከየትኛው አቋም መከልከል እንዳለበት ማወቁን መለካት ይቻላል። ዮጋ የተወለደባት ሕንድ ራሷ በ2018 በአዩሽ ሚኒስቴር ሥር የዮጋ የምስክርነት ቦርድ አቋቁማ፣ ፈቃደኛ የሆነውን ሁሉ በጽሑፍና በተግባር መፈተን ጀምራለች። የመንጃ ፈቃድ አሠራርም ይኸው ነው፤ ማሠልጠኛው ሌላ፣ ፈታኙ ሌላ። መኪና ለሚነዳ ያስፈለገ ጥንቃቄ የሰው አከርካሪ ለሚያጎብጥ እንዴት ይበዛበታል?

እንዲህ ያለው ፈተና በየአገሩ እስኪለመድ ድረስ ሠልጣኙ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። እዚህ ወድቆ የሚያውቅ ሰው አለ? የሚፈትነኝ ከአሠልጣኜ ሌላ ነው? ስመረቅ ልምድ ካለው መምህር ሥር በረዳትነት የምሠራበት ቦታ ታገኙልኛላችሁ? ለመጀመሪያው ጥያቄ «እኛ ጋ ሁሉም ያልፋል» ብሎ በኩራት የሚመልስ ቤት ራሱን በራሱ አጋልጧል።

ወረቀቱን ይዞ የወጣም ማፈር የለበትም። 200 ሰዓት ጥሩ ጅምር ነው፤ ብዙዎችም ስለ ራሳቸው አካል ያላወቁትን ያወቁበት ነው። የሚያሳፍረው በማግስቱ ብቻውን ሃያ ሰው ፊት መቆም ነው። አንድ ሁለት ዓመት ከኋላ ረድፍ ሆኖ ረዳት ይሁን፤ ማን ጉልበቱን እንደሚያመው፣ ማን አሞት ሳለ ዝም እንደሚል ማየት ይልመድ። ፊት የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።