ቤታችሁን ሽጣችሁ አትሂዱ

አብረን ያረጀን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በደብረ ማርቆስም በየገጠሩም ያላችሁ እኩዮቼ፤ ካናዳ የገቡ ልጆቻችሁ «ኑልን» እያሏችሁ ነው። አንዳንዶቻችሁ በላባችሁ የሠራችሁትን ቤት ለደላላ ሰጥታችኋል፤ ከእድር ስማችሁን ያሰረዛችሁም አላችሁ። እለምናችኋለሁ፣ ውሉን ሳትፈርሙ ስሙኝ። ኤድመንተን በምትባል ከተማ፣ በልጄ ቤት ለዓመታት ኖሬ ተመልሻለሁ። የተመለስሁት መግቢያ ቤት ስለነበረኝ ነው። እዚያ የተዋወቅኋቸው፣ ቤታቸውን ሽጠው የመጡት ሽማግሎችና አሮጊቶች ግን መግቢያ የላቸውም።

እኛ ደገኞች ብርድ አይበግረንም እንላለን። ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በጮቄ ግርጌ በርኖስ ደርበን ያደግን ነን። የእኛ ውርጭ ግን ፀሐይ ስትወጣ ይረግፋል። የዚያኛው ከኅዳር እስከ መጋቢት ምድሩን ነጭ አልብሶ ይከርማል፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ የሚወርድበት ቀን አለ። ከብርዱ ደግሞ ጨለማው ይብሳል። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከጧቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፤ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ትጠልቃለች። ብትወጣም በእነዚያ የብርድ ወራት ለሰውነት ቫይታሚን ዲ የምትሰጥበት ጉልበት የላትም፤ እንደኛ ቆዳው ለጠየመና ከቤት ለማይወጣ አዛውንት ጉዳቱ የበረታ ነው። አጥንት ይሳሳል። በጠጠረ በረዶ ላይ አንሸራትቶት ዳሌው የተሰበረ ሽማግሌ እንደ ድሮው ራሱን ችሎ መሄዱ ያጠራጥራል።

ይሁን እንጂ ብርድ በልብስ፣ ቫይታሚንም በኪኒን ይመለሳል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፤ ሽምግልናችሁ አብሯችሁ አይሻገርም።

ከብቸና በኩል የመጡ አንድ ሰው እዚያ አውቅ ነበር። በአገራቸው ደም ያደረቁ፣ ገዳይንና የሟችን ወገን ያስታረቁ ናቸው። ሐኪም ዘንድ የሚቀርቡት ግን የአሥር ዓመት የልጅ ልጃቸው እያስተረጎመችላቸው ነበር። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄድሁ። ሐኪሙ ስለ ሽንታቸው ጠየቀ። እኒያ ሰው ሕፃኗን አዩ፤ ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱና «ደህና ነኝ በይው» አሏት። ደህና አልነበሩም። በሽታቸው ሳይነገር ወራት አለፈ። በሌላ ጊዜ ልጃቸውና ባሏ ሲጣሉ እንደ ልማዳቸው መካከል ገብተው ሊዳኙ ተነሡ፤ «አባባ፣ እርስዎ አይግቡ» ተባሉ። ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ከዚያ ወዲህ ገበታ ላይም ቃል ሲወጣቸው አልሰማሁም።

ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ አትፍረዱባቸው። ባል በሌሊት ፈረቃ፣ ሚስት በቀን ፈረቃ ይሠራሉ። ሲጠሯችሁ ናፍቀዋችሁ ነው፤ ሕፃን እንድትይዙላቸውም ነው። ሁለተኛውን አፍረው አይነግሯችሁም፣ እናንተ ጠይቋቸው። ሕፃኑ አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባ ቤቱ ከጧት እስከ ማታ ጭር ይላል። መኪና አትነዱ፤ የአውቶቡሱን ጽሑፍ አታነቡት፤ ቤተ ክርስቲያኑም ልጃችሁ ከሥራ ካላረፈና ካላደረሳችሁ አይደረስበትም። እዚህ ሰንበቴ የማይቀርበት፣ የማርያም ማኅበር ጽዋ የሚያነሣ ሰው እዚያ ሁዳዴን ብቻውን ይጾማል፣ ብቻውን ይፈስካል።

ወረቀቱንም ሳታጣሩ አትነሡ። ሱፐር ቪዛ የሚሉት አለ፤ ቢያንስ 100,000 የካናዳ ዶላር የሚሸፍን የጤና መድን ይጠይቃል፤ በዚህ ቪዛ የገባ እንግዳ ነው እንጂ ነዋሪ አይደለም። በቋሚነት የሚያስመጣውም ልጅ፣ ከኬቤክ በቀር፣ ወላጁን ለ20 ዓመት ሊያስተዳድር ፈርሞ ነው። መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠውን አበል ለማግኘት በአገሩ ቢያንስ 10 ዓመት መኖር ግድ ነው። በሰባ ዓመታችሁ የምትሄዱ እንግዲህ አስሉት፤ እስከ ሰማንያ ድረስ ለፀጉር መቆረጫ እንኳ የልጃችሁን እጅ ታያላችሁ።

የእንዶዳም ኪዳነ ምሕረቱ ልጅ፣ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም ባሕር ማዶን አይተዋል። በጣሊያን ወረራ ተማርከው ኢጣሊያ ታስረዋል፤ ኋላም በለንደን አምባሳደር ነበሩ። አንዱ ግዞት፣ ሌላው ሹመት ነበር፤ ሁለቱም ማብቂያ ነበራቸው። አገራቸው ገብተው በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ፤ በ1996 ዓ.ም. ያረፉትም እዚሁ በአገራቸው ነው።

ለምን እንደምትሄዱ አውቃለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲቋረጥ፣ የተኩስ ድምፅ ስንሰማ ስናድር ኖረናል፤ «አባቴን ላውጣ፣ እናቴን ላውጣ» የሚል ልጅ አይወቀስም። ስለዚህ ሂዱ፤ የልጅ ልጆቻችሁን ሳሙ፣ መርቁ። ቤቱን ግን አከራዩት። ውክልና ለምታምኑት ዘመድ ስጡ፤ የመሸጥ ሥልጣን የሚል ቃል እንዳይገባበት ራሳችሁ አስነብባችሁ ስሙ። የእድሩን መዋጮ በየወሩ የሚከፍልላችሁ ሰው ሰይሙ፤ እዚያ አስከሬን ወደ አገር ለመላክ ሰው እየተዞረ ሲለመን አይቻለሁ። ከልጃችሁም ጋር ገና ሳትነሡ፣ መመለስ ስትፈልጉ ትኬቱን ማን እንደሚቆርጥ ተነጋገሩ።

ቀብድ የተቀበላችሁ ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ላኩብኝ። አብሬያችሁ ሄጄ ገዢውን እለምናለሁ፤ ለልጃችሁም ደውዬ ነገሩን እኔው አስረዳለሁ።