የልብ ድካምና ቍርጥማት ስላለባቸው አረጋውያን

ሰው በዕድሜው እየገፋ በሄደ ጊዜ ጕልበቱ መድከሙ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ነገር ግን በሽማግሌ ላይ የሚደርሰውን ደዌ ሁሉ የእርጅና ዕዳ ነው እያሉ ችላ ማለት አይገባም። ከእርጅና ጋራ የሚመጣ ሕመም ፈጽሞ ባይድን እንኳ ሊቀል ይችላልና።

የልብ ድካም ማለት ልብ ለመላው ሰውነት የሚበቃ ደም መርጨት ሲሳናት የሚመጣ ደዌ ነው። ከምክንያቶቹም ዋናዎቹ ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት፥ የልብ ደም ሥር መጥበብ፥ እንዲሁም በልጅነት በጉሮሮ ሕመም መነሻነት የደረሰ የልብ በር ጉዳት ናቸው። የእግር ማበጥ፥ ጥቂት ሲሄዱ የትንፋሽ ማጠር፥ ያለ ከፍተኛ ትራስ መተኛት አለመቻል ምልክቶቹ ናቸው።

እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የጕልበትና የወገብ ቍርጥማት ደግሞ አለበት። ሕመም እንቅልፍ የነሣው ሽማግሌ ማስታገሻ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የተባሉት መድኃኒቶች ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ እንዲከማች ያደርጋሉ፤ ኵላሊትን ይጎዳሉ፤ ውሃውን ለማስወጣት የታዘዘውን የፉሮሴማይድንም ሥራ ያደክማሉ። ስለዚህ ጕልበትን ሲያሽል ልብን የሚጥል መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጥም መግዛትም አይገባም። ሐኪም ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚመርጠው በልክ የሚወሰድ ፓራሲታሞልን ነው።

የቤተ ሰብም ድርሻ ቀላል አይደለም። ሽሮና በርበሬ ሲዘጋጁ ጨው አብሮ የሚፈጭባቸው ስለ ሆኑ፥ በወጡ ላይ ሌላ ጨው መጨመር ለሕመምተኛው ጉዳት ነው። ሕመምተኛውም በየማለዳው ቢመዘን፥ በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ የጨመረ እንደ ሆነ ውሃ መከማቸቱን ዐውቆ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ሊሄድ ይገባዋል።

ከካህናት አባቶቻችን ደግሞ የምንለምነው አለን። ሽማግሌዎች ከሐኪም ይልቅ የንስሐ አባታቸውን ቃል ይሰማሉ። ጠበል የሚጠመቅ ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት እንዳያቋርጥ፥ ሕመም የከለከለውም ሰው ከጾም ማረፉን ኀጢአት አድርጎ እንዳይቈጥረው ቢነግሩት ነፍስ አዳኑ ማለት ነው። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምም መድኃኒትም ከእግዚአብሔር መሆናቸውን ያስተምራልና፥ ይህ ምክር ከሃይማኖት ጋራ አይጣላም።

ለሹማምንትም የሚነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. በተቋቋመው በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፥ በአያትና በቦሌ አራብሳ ብዙ ሕዝብ በጋራ መኖሪያ ቤቶች ይኖራል። ከነዚህም ብዙዎቹ ባለ አራት ፎቅ ሲሆኑ አሳንሰር የላቸውም፤ ቤቱም የተሰጠው በዕጣ ነው። ዕጣ ግን የሰውን ዕድሜና ሕመም አይመረምርም። በላይኛው ፎቅ የሚኖር ልበ ደካማ ሽማግሌ ለቀጠሮው ወርዶ ለመመለስ በየደረጃው እየተቀመጠ ያርፋል፤ በመጨረሻም መውጣቱ ስለሚያስፈራው ቀጠሮውን ይተዋል፤ ቀጠሮው ሲቀር መድኃኒቱም ይቋረጣል። ሽማግሌው በደረጃው ምክንያት በቤቱ እንደ ታሰረ የሚቈጠር ነው።

ይህን ለማቃለል ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ወረዳዎች በላይ ፎቅ የሚኖሩትን ሕሙማን አረጋውያን ቢመዘግቡ፥ ከታች ካሉ ጎረቤቶቻቸው ጋራ በስምምነት ቤት የሚለዋወጡበትን መንገድ ቢያቀኑ፥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ሚዛንና የደም ግፊት መለኪያ ይዘው በየቤቱ ቢጐበኟቸው መልካም ይሆናል። የጤና መድን አባል የሆነ ሽማግሌም መድኃኒቱን በጤና ጣቢያው ባጣ ጊዜ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ማሰብ ያስፈልጋል።

ዛሬ ደረጃውን የሚወጡት ጐልማሶች ነገ ሽማግሌዎች ይሆናሉ። ስለዚህ ለአረጋውያን የሚደረገው ሁሉ ለባዕድ የሚደረግ ምጽዋት ሳይሆን እያንዳንዳችን ለራሳችን የምናኖረው ስንቅ መሆኑን ልናስተውል ይገባናል።