ችሎ ወይስ ከፍሎ?

የእህቴ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውሮ «አልቻለኝም እኮ! ገዝቶ ነው ያሸነፈኝ» አለኝ። የሚጫወተው የስልክ የኳስ ጌም ነው። ተጋጣሚው የክፍሉ ልጅ ሲሆን አባቱ ከፍለውለት ምርጥ ምርጥ ተጫዋቾችን ሰብስቧል። መጀመሪያ የተሸናፊ ሰበብ መስሎኝ ሳቅኩ። በኋላ ሳስበው ግን ልጁ እውነቱን ነው።

ይኸው ቅሬታ እ.ኤ.አ. በህዳር 2017 ዓለምን አዳርሶ ነበር። ኤሌክትሮኒክ አርትስ «ስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2» የተባለውን ጌም ሊያወጣ ነው። ዋጋው 60 ዶላር። ይህን ከፍለህ ስትገባ ግን ዳርዝ ቬደር ተቆልፎ ይጠብቅሃል፤ መክፈቻው 60,000 የጌሙ ክሬዲት ነው። ተጫዋቾች ሲያሰሉት 40 ሰዓት ገደማ መጫወት ይጠይቃል። በገንዘብ የሚገዙት ሳጥኖች ውስጥ ደግሞ ጉልበት የሚጨምሩ ካርዶች አሉ። ኩባንያው ሬዲት ላይ ዓላማችን ተጫዋቹ ለፍቶ ሲያገኘው እንዲኮራ ነው የሚል መልስ ጻፈ። ከ600,000 በላይ የተቃውሞ ድምፅ ወረደበት፤ ጊነስም መዘገበው። ወዲያው ዋጋው ወደ 15,000 ወረደ። ጌሙ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው የገንዘቡ ሽያጭ ራሱ ተዘጋ። ከወራት በኋላ ሲመለስም ለመልክና ለልብስ ብቻ ሆኖ ነው።

«ያልከፈለም እኮ ተጫውቶ ያገኘዋል» የሚሉ አሉ። ታዲያ በአንድ ጀምበር ከ60,000 ወደ 15,000 መውረድ ከቻለ፣ መጀመሪያውኑ 60,000 ያደረገው ምንድን ነው? መንገዱን የሚያረዝመውም አቋራጩን የሚሸጠውም አንድ ሰው ከሆነ፣ መንገዱ ለምን ያጥራል? እኛ አገር ደግሞ ጊዜውም ነፃ አይደለም፤ ኦንላይን በተጫወትክ ቁጥር ዳታው ይቆጥራል።

እርግጥ ገንዘብ ከሜዳ ጠፍቶ አያውቅም። የሰፈራችን ሀብታም ልጅም የተሻለ ታኬታ ነበረው። ግን ታኬታ ሻጩ ዳኛ አልነበረም፤ ጎሉንም አያሰፋለትም። እዚህ ታኬታ የሚሸጠው፣ ሕግ የሚያወጣውና የሚያፏጨው አንድ ኩባንያ ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት ስንጫወት የተሸነፈ ይከፍላል፤ ስልክ ላይ የከፈለ ያሸንፋል።

ጌም ሠሪው ምን ይብላ? ተገቢ ጥያቄ ነው። «ዶታ 2»ን እንይ። ጌሙ በነፃ ነው፤ ጀግኖቹ በሙሉ ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ በዋናነት የሚሸጠው ልብስና ጌጥ ነው። የዓለም ውድድሩ ሽልማት በ2021 ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፤ አብዛኛውም ተጫዋቾች «ባትል ፓስ» ሲገዙ ከሚገኘው ገቢ ከተነሳ 25 በመቶ የመጣ ነው። ልብስ ሸጦ መኖር ይቻላል ማለት ነው፤ ያውም በድሎት።

እኔ የምለው፣ የፈለገ ይግዛ፤ ከጓደኛው ጋር ለመዝናናት ሲጫወት በገዛው ቡድን ይጫወት። ደረጃ የሚያዝበት ግጥሚያ ላይ ግን የሁለቱም ተጫዋቾች አቅም እኩል ይደረግ። ይህ ለሠሪዎቹ ከባድ ሥራ አይደለም። ቁጥሮቹ በእጃቸው ናቸው።

የእህቴ ልጅ ትናንት ማታ ደግሞ «ጋሼ፣ 500 ብር ብቻ፣ አንዴ ብቻ» ብሎ መጣ። እስካሁን አልሰጠሁትም።